ለአስተርጓሚው አስተርጓሚ ሆነን ወደ ልደታ

ይህን የምጽፈው የንባብ ክፍላችን ኃላፊ መምህር «አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ተማሪ ያየውን ለጓደኞቹ ይጻፍ» ስላሉ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች ከአርሲ ወጥተው አያውቁም፤ ነገ መምህራን ሆነን ስንመደብም የሚደርሰን ገጠር ስለሚሆን ምናልባት አይወጡም ይሆናል። ስለ ፎቅና ስለ ሐውልት እንድነግራችሁ የጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የቆየሁት ልደታ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው። ያየሁትም ከሕንፃው ይልቅ ሰውን ነው።

የጉዞው ምክንያት የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ አቶ በቀለ ናቸው። አባታቸው ኦሮምኛ፣ እናታቸው አማርኛ የሚናገሩ ስለነበሩ እሳቸውና እናቴ በአንድ ገበታ ላይ ወደ አባት ሲዞሩ በአንዱ፣ ወደ እናት ሲዞሩ በሌላው እየተናገሩ ነው ያደጉት። አጎቴ ይህንኑ ሙያ አድርገውት በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጡ። ባለፈው ታኅሣሥ ድንገት ወደቁ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጅና እግራቸው ደክሞ ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ግን አፋቸው እንቢ ማለቱ ነው። በአማርኛ ይጀምሩና መካከል ላይ ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበችና ልጃቸው ሰናይት ደግሞ ኦሮምኛ አያውቁም። በመጨረሻ እትዬ ዘነበች፣ «አስካለ ትምጣና ምን እንደሚል ትንገረኝ» ብለው ላኩብን። አስካለ እናቴ ናት። እኔም የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ አብሬ ሄድኩ።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ ከአሰላ ተነሣን። የጭላሎ ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ሁለታችንም ሹራብ ላይ ጋቢ ደርበናል። እናቴ ለወንድሟ የወተት ጣሳ ሙሉ ቅቤ ይዛለች፤ ጣሳውን ከራሳችን በላይ እቃ መጫኛው ላይ አስቀመጥነው። ዴራን አልፈን ወደ አዋሽ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። እኔ ሹራቤን ሳወልቅ ቅቤው ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። ናዝሬት ልንገባ ስንል ከፊታችን የተቀመጡት ነጋዴ ትከሻቸውን ዳበሱ፤ ጣታቸውን አሸተቱ፤ ቀና ብለው ጣሳውን አዩ።

እናቴ ደንግጣ ተነሣች። «ይቅር በሉኝ ወንድሜ! በእግዚአብሔር ይቅር በሉኝ!»

«እናቴ፣» አሉ ሰውየው፣ «ራሴን ቢቀቡኝ ኖሮ አመሰግን ነበር። ኮቴ ግን ራስ ምታት የለበትም።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ነጋዴው ጣሳውን አውርደው በሁለት እግራቸው መካከል ይዘው እስከ አዲስ አበባ አደረሱልን። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ስንፈተሽ እንኳ ለወታደሩ «ቀስ በል ጓድ፣ ይህ የታማሚ ነው» ብለው ራሳቸው ከፍተው አሳዩልን። ስማቸውን ሳንጠይቅ ተለያየን።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ቀኑ አጋምሷል። አሰላ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው፤ እዚያ ግን ረቡዕም ቅዳሜ ይመስላል። በከተማ አውቶቡስ ተክለ ሃይማኖት ወርደን ቁልቁል እንድንሄድ ተነግሮናል። እኔ ተማሪ ስለሆንኩ መንገዱን ለእናቴ ላሳያት ብዬ ተጣደፍኩና ሌላ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ሜክሲኮ አደባባይ ስንወርድ መኪናው ዙሪያውን እንደ አውድማ በሬ ይሽከረከራል፤ ልደታ የት እንደሆነች አናውቅም። ዘንቢል የያዙ አንዲት ሴትዮ አዩንና፣ «ልደታን ማን ያጣታል! እኔም የምሄደው ወደዚያው ነው» ብለው በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጠባብ መንገዶች፣ በብረት ቀጥቃጮችና በጫማ ሰፊዎች መካከል መርተው ከአጎቴ በር አደረሱን። ከዚያ ዞር ብለው በመጡበት ተመለሱ። ለካ መንገዳቸው ወደዚያ አልነበረም።

ቤቱ የቀበሌ ነው። ሁለት ክፍልና በመጋረጃ የተለየ ጓዳ አለው። አሰላ በእኛና በጎረቤታችን መካከል የገብስ ማሳ አለ፤ እዚህ በሁለት ቤት መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ ስላለ ጎረቤት ሲያነጥሰው «ይማርህ» ማለት ይቻላል።

አጎቴ በሩ ትይዩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አስካለ! እንኳን ደህና መጣሽ። መንገዱ እንዴት...» አሉና ከዚያ በኋላ ያለው በኦሮምኛ መጣ። እሳቸውም ሰሙት። በግራ እጃቸው አፋቸውን መታ መታ አደረጉ፣ ልጅ ሲያጠፋ እንደሚደረገው።

እናቴ በኦሮምኛ መለሰችላቸው። እትዬ ዘነበች ክንዷን ያዙ። «ምን አለ? አስካለ፣ ምን አለ?»

«ቤቱ ስለጠበበ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አልጋዬን ለአስካለ ልቀቁላት፣ እኔ መደብ ላይ እተኛለሁ ነው ያለው።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። «እኔ እኮ የሚቃዥ መስሎኝ ነበር።»

ሐሙስ

ጠዋት እትዬ ዘነበች ለሳምንታት ያጠራቀሟቸውን ቃላት ለእናቴ አወጡላት። ያልገባቸውን ድምፅ በቃላቸው ይዘው ነበር። «‹ፎዳ በኒ› ይለኝ ነበር፣ በየቀኑ። የሰው ስም መስሎኝ ጎረቤቱን ሁሉ አቶ ፎዳ የሚባል ጓደኛ ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።»

«መስኮቱን ክፈቺልኝ ነው።»

እትዬ ዘነበች ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት። ከመንገዱ አቧራ ገባ፤ አልዘጉትም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የደስታ ቤት ሆነ። አጎቴ አእምሯቸው ሙሉ መሆኑን ሁሉም አየ። እናቴና እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጠን በኦሮምኛ ተጫወትን። እሳቸውም አንደበታቸው ተፈታ፤ የፍርድ ቤት ታሪካቸውን፣ የልጅነት ጨዋታቸውን፣ በሬ ሰርቆ «በሬው ነው የተከተለኝ» ያለውን ሰው ነገሩን። እኔ አማርኛ ሲሞክሩ ሲቸገሩ እያየሁ ፈጥኜ በኦሮምኛ አግዛቸው ነበር። እትዬ ዘነበች ከጓዳ ብቅ እያሉ «ተባረኪ ልጄ» ሲሉኝ ይበልጥ እተጋ ነበር። ከአጠገባቸው የተለየነው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ እንግዳ ማስመዝገብ ግዴታ ስለሆነ ቀበሌ ሄደን መጣን።

ወደ ማታ ሰናይት ከሥራ ገባች። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። «አባባ፣ እንዴት ዋልክ?» አለች።

በኦሮምኛ መለሱላት። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ኦሮምኛ ሆነ። ሦስተኛ ሲሞክሩ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ከመምጣታችን በፊት ግማሹ እንኳ በአማርኛ ይወጣላቸው ነበር። አሁን አንድም ቃል የለም።

ሰናይት እኔን አልወቀሰችኝም። «ደክሞት ነው» አለች ብቻ። ግን እራት አልበላችም፤ ለምን እንዳልበላችም እትዬ ዘነበች ሲነግሩን ነው የገባኝ። እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ከመውደቃቸው በፊት አንድ ጊዜ መጥተው ልጅቱን ለአንድ መምህር ጠይቀው፣ አጎቴ እንደ ወጉ «እንመክርበታለን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተመለሱ» ብለው ሸኝተዋቸው ነበር። አሁን መልሱን ለመስማት ነው የሚመጡት። በዚህ መካከል ደግሞ «አባትየው አእምሮው ተነክቷል፤ ነገሩ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል» የሚል ወሬ እነሱ ዘንድ ደርሷል። አጎቴ በእንግዶቹ ፊት በማይሰሙት ቋንቋ ቢናገሩ ወሬው እውነት ይሆናል።

የእትዬ ዘነበች ወንድም አቶ ታደሰ እራት ላይ ነበሩ። «ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «በቀለ ጓዳ ጋደም ይበል። ወባ ይዞታል እንላለን። መልሱን እኔ እሰጣለሁ።»

«ወባ በልደታ?» አለች ሰናይት። «ጋሼ ታደሰ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን አባቴ በሕይወት እያለ በሌላ ሰው አፍ አልዳርም።»

«አንቺ ልጅ፣ አራዳነትሽን ለቢሮሽ አድርጊው! ሰዎቹ ጥለው ቢሄዱስ?»

«ይሂዱ።»

ይህን ስትል ግን ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እንዲሄዱ እንደማትፈልግ ሁላችንም አወቅን። አጎቴ ሁሉንም ይሰማሉ፤ የሚሉት ግን አይወጣላቸውም።

ዓርብ

ጠዋት በሰይቼንቶ ታክሲ አጎቴን ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። አሰላ ታማሚ በጋሪ ሲሄድ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላል፤ እዚህ ሁሉም ይቸኩላል። ባለ ታክሲው ግን አጎቴን አቅፎ አስገብቶ አቅፎ አወጣቸው።

ሐኪሙ ወጣት ናቸው፤ የትግራይ ሰው፣ ቡልጋሪያ የተማሩ። በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ብርጭቆ ውሃ አንሥተው «አቶ በቀለ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቢሻን» አሉ አጎቴ።

«በአማርኛ ይበሉልኝ።»

«ቢሻን።» ጉልበታቸውን በቡጢ መቱ። «ቢሻን!»

«ይብቃዎ፤ አይጨነቁ» አሉ ሐኪሙ። ወደ እኛ ዞሩ። «ብዙ ሰው፣ ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው አንዱን ሲናገር ሌላው የሚተኛ ይመስለዋል። አይተኛም። ሁለቱም ነቅተው ነው የሚጠብቁት። አሁን እናንተን በአማርኛ ሳናግር ትግርኛዬም ቡልጋርኛዬም እዚሁ ናቸው። ከቡልጋሪያ በተመለስኩ ሰሞን እናቴ ‹በላህ?› ስትለኝ አዎ ለማለት ‹ዳ› እላት ነበር። አንዱ እንዲወጣ ሌላውን ወደ ኋላ የሚይዝ ነገር አእምሯችን ውስጥ አለ። የአቶ በቀለ ቃላት አልጠፉም፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም ሙሉ ነው። የተጎዳው ያዡ ነው።»

እናቴ አሰበች። «ላም ስናልብ ጥጃ ያዥ እንደምንለው ነው? ሁለት ላም ባለበት በረት፣ አንዱን ጥጃ ለቅቆ ሌላውን መያዝ እንዳለበት?»

«እንደዚያ ይበሉት። እና ያዡ ሲደክመው...»

«ያልተፈለገው ጥጃ ጥሶ ይገባል።»

«በተለይ ሲጠባ የዋለው። እሱ ጉልበት ያገኛል» አሉ ሐኪሙ። «ትናንት ስታጫውቷቸው የዋላችሁት በየትኛው ነው?»

እናቴና እኔ ተያየን። ማንም እስኪናገር አልጠበቁም፤ «በቅን ልቦና ነው፤ ማንም ያደርገዋል» አሉ። የሰው ፊትም ልማድም ቋንቋ ይጠራል፤ እህታቸውን ሲያዩ ኦሮምኛው ቀድሞ ይነሣል፤ ስለዚህ እስከ እሑድ በቤቱ ውስጥ አማርኛ ብቻ ይነገር፤ ኦሮምኛ የሚያስታውሳቸው ሰው ከፊታቸው ዞር ይበል፤ ብዙ አያናግሯቸው፣ ይረፉ አሉን።

ልንወጣ ስንል እናቴን መለሷት። «አንድ ነገር ልሞክር። እርስዎ ቃሉን በኦሮምኛ ይንገሯቸው፤ አቶ በቀለ ለእኔ ይተርጉሙልኝ።»

«ቢሻን» አለች እናቴ።

«ውሃ» አሉ አጎቴ።

ሳይቆዩ፣ ሳያቅማሙ። ከሁላችን ይልቅ የደነገጡት ራሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ሁለት ሦስት ቃል አስጨመሯት፤ ሁሉም ያለ ችግር መጣ። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ «የራስን ሐሳብ መናገርና የሌላውን ቃል ማሻገር አንድ መንገድ የሚጠቀሙ አይመስለኝም። ከዚህ በላይ ባውቅ እነግርሽ ነበር፤ እንዲህ ያለ ታማሚ አጋጥሞኝ አያውቅም። ለእሑድ ግን አትመኩበት። ዋናው ዕረፍት ነው» አሉኝ። ባለማወቃቸው አላፈሩም፤ ይህን በጣም ወደድኩላቸው።

ቅዳሜ

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቴና እኔ በቤቱ ውስጥ ባዕድ ሆንን። እናቴ ጠዋት ወንድሟን «እንደምን አደርክ፣ በቄ» ስትል እንደ ጎረቤት ሴት ሰላምታ ሆነባት፤ እሳቸው በኦሮምኛ ሲመልሱላት አንገቷን ደፍታ ወጣች። በልጅነታቸው ከእሷ ጋር በአማርኛ የሚናገሩት እናታቸው ባሉበት ብቻ ነበር።

ቀኑን ከቤት ውጭ አሳለፍነው። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። ዛፎቹ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች በዝግታ ሲያወሩ ድምፃቸው ከአሰላ ሽማግሌዎች አይለይም። ከዚያ ለእትዬ ዘነበች ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ለማምጣት ተሰለፍን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ በሰልፍ ፈንታ ድንጋይ አስቀምጦ መሄድ ይቻላል፣ ድንጋዩም ይከበራል። እኔ አላወቅሁም ነበርና የአንዲት ሴት ድንጋይ በእግሬ ገፋሁ።

«አንቺ! ወይዘሮ ትርንጎን ገፋሻቸው እኮ!» ብላ አንዷ ጮኸች። ሁሉም ሳቁ። እንግዳ መሆናችንንና ለታማሚ እንደመጣን ሲሰሙ ግን ከፊት አስገቡን።

ስንመለስ እትዬ ዘነበች በሩ ላይ እየጠበቁን ነበር። «ተናገረ!» አሉ። «‹ሻዩ ቀዝቅዟል› አለ! ጥርት አድርጎ!»

ሰናይት ታጨበጭባለች፤ አቶ ታደሰ ሳይቀሩ ይስቃሉ። አጎቴ ብርጭቆውን እንደያዙ ሁላችንንም በተራ አዩ። ሻዩን ያሞቀላቸው ሰው አልነበረም።

ማታ እትዬ ዘነበች እየተሳቀቁ እናቴን፣ «አስካልዬ፣ ነገ ሰዎቹ ሲመጡ አንቺና ልጅሽ ጓዳ...» አሏት።

«ገብቶኛል።»

«ሐኪሙ ስላለ ነው እንጂ...»

«ገብቶኛል አልኩሽ፣ ዘነቡ። የወንድሜ ልጅ ስትሰጥ እኔ ከሽንኩርቱ ጋር እቀመጣለሁ። ለእሷ የሚበጃት ከሆነ ከሽንኩርቱ ጋር ነው የምቀመጠው።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው። ታላቅየው ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ሦስተኛው የሙሽራው አጎት። ሰናይት እንደ ወጉ ጎረቤት ሄዳለች። አጎቴ የፍርድ ቤት ኮታቸውን ለብሰው በሩ ትይዩ ተቀምጠዋል። እናቴና እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነን፤ እኔ በጠርዙ በኩል አያለሁ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ታደሰ።

«መልሳችንን ከአባትየው ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ታላቅየው። ዓይናቸው አጎቴ ላይ ነው፤ ወሬውን ሊመዝኑ እንደመጡ ያስታውቃል።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤታችን ጠባብ ናት፤ ቢሆንም የእናንተው ናት» አሉ። እናቴ እጄን ጨመቀችው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ፊታቸው ተፈታ።

ከሁሉ የበለጠ ደስ ያላቸው ወታደሩ ናቸው። ሰውየውን ላስደስታቸው ብለው፣ «አከም ጅርቱ፣ አቶ በቀለ!» አሉ በታላቅ ድምፅ። «የአርሲ ሰው መሆንዎን ሰምቻለሁ። እኔም እኮ ባሌ ከርሜአለሁ!»

ከኦሮምኛ የቀረቻቸው ያቺ ሰላምታ ብቻ ነበረች። አጎቴ ግን በሙሉ ትሕትና በኦሮምኛ መለሱላቸው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቀዬው፣ ስለ ልጆቹ ደኅንነት ጠየቁ። ወታደሩ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ደረቀ። አጎቴ ራሳቸውን ሰሙ። ወደ ታላቅየው ዞሩ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ኦሮምኛ ሆነ። እንደገና ሞከሩ። ቡጢያቸው ጉልበታቸው ላይ ወረደ። ሦስተኛው ሽማግሌ ወደ ታላቅየው ጠጋ ብለው በጆሯቸው የሆነ ነገር ተናገሩ።

አቶ ታደሰ ተነሡ። «እንግዲህ ወንድማችን ስለታመመ፣ በእሱ ፈንታ እኔ...»

አጎቴ በደኅነኛ እጃቸው የአቶ ታደሰን ኮት ጫፍ ይዘው ቁጭ አደረጓቸው።

እኔ የእናቴን ነጠላ ሳብኩ። «እማዬ፣ ንገሪያቸው። እንደ ሆስፒታሉ። አንቺ በኦሮምኛ በይና እሳቸው ይተርጉሙ።»

«ድምፅሽ እንዳይሰማ ተብዬ...»

«እሱማ ከተበላሸ ቆየ። ንገሪያቸው!»

እናቴ መጋረጃው ላይ እጇን አድርጋ በኦሮምኛ ተጣራች፦ የልጅቱ አባት ሽማግሌዎችን እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል።

አጎቴ ቀና አሉ። ወገባቸው ተስተካከለ፤ አገጫቸው ከፍ አለ። ልጅ ሳለሁ ከማውቃቸው በላይ ረዘሙብኝ። «የልጅቱ አባት እንዲህ ይላል» አሉ በአማርኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «ሽማግሌዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።»

ቀጠሮአችሁን ስላከበራችሁ ያመሰግናል፣ አለች እናቴ። «ቀጠሮአችሁን ስላከበራችሁ ያመሰግናል» አሉ።

ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ ይላል። «ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ ይላል።»

ታላቅየው ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «ይህ የማን ቃል ነው? ከመጋረጃው ኋላ ያሉት እህት ነው ወይስ የአባትየው? እኛ የመጣነው የአባት ቃል ለመስማት ነው።»

እናቴ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እንባዋ ወረደ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

አጎቴ ወደ መጋረጃው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«የልጅቱ አባት እንዲህ ይላል» አሉ። «ለልጄ የማወርሳት መሬት የለኝም፤ ዕድሜዬን የሰው ቃል ሳመላልስ ነው የኖርኩት። የምሰጣችሁ እሷን ብቻ ነው። ሰናይት ስትቆጣ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ኩርፊያ አትበሉት፤ ቃል እየመረጠች ነው፤ ጠብቋት። እኔ ከታመምኩ ጀምሮ እሷ ጠብቃኛለች። ያልኩት ሳይገባት የገባት መስላ ራሷን አልነቀነቀችልኝም። እንደ ሕፃን አላባበለችኝም። ‹አባባ፣ እንደገና በለው› ትለኝ ነበር። እንዲህ የሚጠብቃት ሰው ካላችሁ ይውሰዳት። ከሌላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ ይላል።»

እናቴ ክንዴን ያዘችው። «እኔ ምንም አላልኩም» አለች በሹክሹክታ።

ታላቅየው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«አለን» አሉና ተቀመጡ። ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ።

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ሰናይት ከጎረቤት እየሮጠች ስትገባ አጎቴ ፊቷን በግራ እጃቸው ይዘው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሯት። ምን ማለት እንደሆነ ማንንም አልጠየቀችም።

ሽማግሌዎቹ በልተው፣ መርቀው ሲወጡ ታላቅየው መጋረጃው አጠገብ ቆሙ። «እመቤቴ፣ አንደበትዎ ይባረክ። ድምፅዎ ዝቅ ብሎ ባልሰማውም የመጨረሻው ቃልዎ ልቤን ነክቶታል። ለሠርጉ ከወንድምዎ ጎን እንዲቀመጡልን አደራ» አሉ። እናቴ ወደ አጎቴ አየች። አጎቴ በግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉ። እሷም «አሜን» አለች።

ሰኞ

እትዬ ዘነበች የእናቴን የወተት ጣሳ በስኳር ሞልተው መለሱልን። ከቅዳሜው ሰልፍ ያመጣነው ስኳር ነው፤ ለእነሱ ምን ያህል እንደቀረላቸው እንጃ። እናቴ እንቢ ብትል፣ «ባዶ ጣሳ ከቤቴ አይወጣም» አሉ። ሰናይት ከሥራ አስፈቅዳ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘችን፤ በዚህ ጊዜ መንገዱን የምትመራው እሷ ስለነበረች አልጠፋንም።

አውቶቡሱ ደብረ ዘይትን አልፎ ወደ ሞጆ ሲሄድ እናቴ መስኮቱን ከፍታ ሜዳውን ታያለች። ጤፉ ታጭዶ አልቋል፤ እንደ እኛ አገር የሚያንዘፈዝፍ ብርድ የለም። ከናዝሬት በኋላ ዳገቱን ስንጀምርና ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ሹራቧን ለበሰች። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ስለ ዝምታዋ የተናገረው ነገር...»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። አንቺ አላልሽውም።»

«ሰዎቹ ግን የእኔ ነው ብለዋል። በሠርጉ ቀን ከጎኑ ሊያስቀምጡኝ ነው። ያ ሁሉ ሰው ባለበት እንዲያ ያለ ቃል ከየት አመጣለሁ? ምን እላለሁ?»

«አንቺ ጀምሪላቸው እንጂ» አልኳት፤ «እሳቸው ይጨርሱታል።»